ፈር ቀዳጆቹና «ባዶው» ሜዳ

አንድ አሳታሚ የውጭ አገር የልጆች መጻሕፍትን በአማርኛ ለማውጣት አስቦ፣ ለናሙና አንዳንድ ምዕራፍ እንድተረጉምለት ጥቂት መጻሕፍት ልኮልኝ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ አሜሪካዊቷ ላውራ ኢንግልስ ዋይልደር በ1935 ያሳተመችው «ትንሿ ቤት በሜዳው ላይ» ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። ሥራውን ስቀበል ቀላል መስሎኝ ነበር። ቋንቋው ለትንንሽ ልጆች የተመጠነ ነው፤ ታሪኩም አንድ ቤተሰብ ሸራ በለበሰ ሠረገላ ተጉዞ በሰፊ የሣር ሜዳ መካከል ጎጆ መቀለሱ ነው። ይሁን እንጂ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሁለት ሳምንት ያህል ወደፊትም ወደኋላም አላልኩም።

አባትየው ወደ ምዕራብ ለመሄድ ሲነሣ፣ የሚያስበው ምድር ምን እንደሚመስል ደራሲዋ ትነግረናለች፤ ሣሩ ረዥም ነው፣ አራዊቱ እንደ ልባቸው ይሰማራሉ፣ ሜዳው ዐይን እስኪደክም የተንጣለለ ነው። ከዚህ ቀጥላ በመጀመሪያው እትም የጻፈችው፣ በዚያ ምድር ሰው እንደሌለና የሚኖሩበትም ሕንዶች ብቻ እንደሆኑ ነው። ሁለቱ ሐሳቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ እነዚያ ነዋሪዎች ከሰው ቁጥር አልገቡም ማለት ነው። መጽሐፉ በዚሁ መልኩ ሲነበብ ኖሮ በ1952 አንድ አንባቢ ለአሳታሚው አቤቱታ ጻፈ። በዚያን ጊዜ በሕይወት የነበረችው ደራሲ ጥፋቱን አምና እንዲታረም ፈቀደች፤ ከ1953ቱ እትም ጀምሮም «ሰው» የሚለው ቃል ወጥቶ በምትኩ «ሰፋሪ» የሚለው ገባ።

እርማቱ በእንግሊዝኛ ይሠራል። በአማርኛ ግን አይሠራም። ለአሜሪካ አንባቢ ሰፋሪ ማለት አገር ያቀና፣ ሐውልት የሚቆምለት አያት ነው። ለእኛ ቃሉ ሌላ ታሪክ አለው። ከ1984ቱ ረኃብ በኋላ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋና ወደ ሌሎችም ሥፍራዎች የተጋዘው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ «ሰፋሪ» ተባለ፤ ገሚሱ ወዶ፣ ገሚሱ በግድ ነው የሄደው። ከዚያም ወዲህ ቃሉ አንድን ሰው ተወልዶ ካደገበት ቀዬ የሚነቅል ስድብ ሆኖ ሲነገር ሰምተናል። እንግዲህ አንድ የአማርኛ አንባቢ ሰፋሪ የሌለበት፣ ሕንዶች ብቻ የሚኖሩበት ምድር መኖሩ ሲነገረው የሚረዳው ምንድን ነው? ባለቤቶቹ በሰላም የተቀመጡበት፣ ማንም ያልደረሰባቸው አገር መሆኑን ነው። የታረመው ዓረፍተ ነገር ወደ እኛ ሲሻገር ተገልብጦ የነባሩ ሕዝብ ምስጋና ይሆናል። ላውራ ዋይልደር ግን ምስጋና አልጻፈችም።

ይህች አንዲት ቃል ናት የአሜሪካን የሣር ሜዳ ልብወለዶች እንደገና ገልጬ እንዳነብ ያስገደደችኝ። ከዋይልደር ሌላ ሁለት መጻሕፍት አጠገቤ አስቀመጥኩ፤ የኖርዌይ ተወላጁ የኦሌ ሮልቫግ «ረዓይት በምድር ላይ» እና የዊላ ካተር «የእኔ አንቶኒያ»። የሦስቱም ትረካ የሚቆመው ምድሩ ባዶ ነው በሚለው ሐሳብ ላይ ነው። ሦስቱ ደራስያን የሚለያዩት በዚያ ባዶነት ላይ በሚሠሩት ሥራ ነው፤ የአንዳቸው ከሌላው መብለጥና ማነስም እኔ እንደማየው በዚሁ ይለካል።

አስቀድሞ ስለ መሬቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ግንቦት 20 ቀን 1862 በፈረሙት ሕግ መሠረት፣ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ወይም የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ፣ የአገሪቱ ዜጋ የሆነ ወይም ዜጋ ለመሆን ማሰቡን ያስመዘገበ ሰው ሁሉ 160 ኤከር የመንግሥት መሬት መጠየቅ ይችል ነበር። ይህ ወደ 65 ሄክታር፣ በእኛ የቀድሞ ልኬት አንድ ጋሻ ተኩል የሚያህል ነው። ጠያቂው አነስተኛ የመዝገብ ክፍያ ይከፍላል፣ ቤት ይሠራል፣ አምስት ዓመት ተቀምጦ ያርሳል፤ ከዚያ መሬቱ የራሱ ይሆናል። ባል የሌላት ሴትም መጠየቅ ትችል ነበር። በዚህ መንገድ በጠቅላላው 270 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት ለግለሰቦች ተላልፏል። መሬት ላራሹን ለመዘመር አደባባይ የወጣ ትውልድ ልጅ ለሆነ አንባቢ ይህ ሕግ መልካም ዜና ሆኖ ቢሰማው አይፈረድበትም። ችግሩ መሬቱ የመንግሥት የሆነበት መንገድ ነው። ያው ሕግ በወጣበት ዓመት ታኅሣሥ 26 ቀን፣ ያው ፕሬዚዳንት ባጸደቁት ፍርድ፣ በሚኒሶታ ማንካቶ ከተማ 38 የዳኮታ ሰዎች በአንድ ቀን ተሰቅለዋል፤ በማግሥቱ ዓመትም የዳኮታ ሕዝብ ከሚኒሶታ እንዲባረር ተደርጓል።

በአማርኛ «ጠፍ መሬት» የሚባል ቃል አለን። ባለቤቱ የሞተበት፣ የተሰደደበት ወይም የተነቀለበት መሬት ጠፍ ይባላል። ቃሉ ራሱ የጠፋ ሰው እንዳለ ይመሰክራል። «ባዶ» ግን ምንም አይመሰክርም። ሌላም አስገራሚ ነገር አለ። እንግሊዝኛው ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጠው የቀዳሚነት ስም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መነሻው ከጦር ሠራዊት ፊት እየቀደመ መንገድ የሚጠርግ እግረኛ ወታደር ነው። አማርኛው «ፈር ቀዳጅ» ይላቸዋል፤ ፈር የገበሬ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ሳያስበው ወታደሩን ገበሬ አድርጎ ያሻግራል። በእርግጥ ሰዎቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ያን እርስ በርሱ የተቆላለፈ የሣር ሥር በማረሻ ሲቀዱ ውለው ያድራሉ። በየመጻሕፍቱ ያለው የቀን ተቀን ኑሮም ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። እንግሊዝኛው የደረቀ የከብት ፋንድያ ለማገዶ መዋሉን ሲያብራራ በጥንቃቄ ነው፤ እኛ «ኩበት» ብለን እናልፋለን። በጣም አልፎ አልፎ የሚገኝ ዕድል ነው፤ ተርጓሚ ከዋናው ያጠረና የጠራ ቃል ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

ዋይልደር የምትበልጠው በዚህ በእጅ ሥራ ላይ ነው። አባትየው ያለ አንድ ምስማር በር ሲሠራ፣ ውኃ ጉድጓድ ሲቆፍር፣ ጎረቤቱ ሻማ ወደ ታች አውርዶ አየሩን ሳይፈትሽ በመግባቱ በጉድጓዱ ውስጥ ራሱን ስቶ ሲወድቅ፣ ትረካው እንደ ጥሩ አናጢ ሥራ እያንዳንዱን ቁራጭ በቦታው ያስቀምጣል። አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ በር መሥራት የሚችል ይመስለዋል። ቤተሰቡ በሙሉ በንዳድ ሲወድቅ የሚተረከውም እንዲሁ ነው። ሰፋሪዎቹ የበሽታው ምንጭ ሐብሐብ ነው፣ የሌሊት አየር ነው ይላሉ፤ ቢንቢዋን የጠረጠረ የለም። የእኛ ቆላ ወራጅ አያቶች እንኳ ከዚህ የተሻለ ያውቁ ነበር ለማለት ይቃጣኛል፤ ቢያንስ ቆላ ወርደው ማደርን ይፈሩ ነበር። ቤተሰቡን ከሞት የሚያተርፈው ሐኪም ዶክተር ታን ጥቁር ሰው ነው፤ በታሪክም የነበረ ሰው ነው። ላውራ ጥቁር ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

ነገር ግን ያቺ ጎጆ የቆመችው በሰው መሬት ላይ ነው። ካንሳስ ውስጥ ኢንዲፔንደንስ ከተማ አጠገብ የነበረው ያ ሥፍራ ለኦሴጅ ሕዝብ የተተወ ክልል ነበር፤ (የአማርኛው «ቀይ ሕንዶች» የኮሎምቦስን ስሕተት ከነቀለሙ የተሸከመ ስም ስለሆነ፣ በተቻለኝ መጠን በየነገዳቸው ስም እጠራቸዋለሁ።) የኢንግልስ ቤተሰብ በ1869 ወደዚያ ሲገባ መሬቱ ለማንም አልተሸጠም። የአሜሪካ ምክር ቤት ኦሴጆች ካንሳስን ለቀው ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ እንዲሄዱ የሚያደርገውን ሕግ ያወጣው ሐምሌ 1870 ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ እንደ ኢንግልስ ያሉ ቤተሰቦች አስቀድመው ስለገቡ ኦሴጆቹ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። በመጽሐፉ ውስጥ ግን የተበደለው አባትየው ነው። ወታደር መጥቶ ሊያስወጣው ነው ብሎ እየተማረረ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል። ላውራ የተወለደችው በ1867 ስለሆነ በዚያ የቆየችው ከሁለት እስከ አራት ዓመት ዕድሜዋ ነው። መጽሐፉን ስትጽፍ ከስድሳ ዓመት አልፋለች፤ ልጇ ሮዝ ዋይልደር ሌንም ረቂቁን በጥብቅ አርታዋለች። ስለዚህ ያነበብነው ትዝታ አብዛኛው የአባት ወሬ ነው፤ አባትም ለልጁ ሲነግር ራሱን ሌባ አያደርግም።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ ከደራሲዋ የበለጠ ሐቀኛ የሚሆንበት ቦታ አለ። ሕፃኗ ላውራ ሕንዶቹ ለምን ወደ ምዕራብ እንደሚሄዱ አባቷን ትጠይቃለች። ይህ የእነሱ አገር ከሆነ ስንመጣባቸው አይቆጡም ወይ ትለዋለች። አባትየው ጥያቄውን አቋርጦ እንድትተኛ ያዛታል። ምዕራፉም እዚያው ያልቃል። ከዚህ የተሻለ የአንድን ሥርዓት ዝምታ የሚያሳይ ገጽ በልጆች መጻሕፍት ውስጥ አላየሁም፤ ዋይልደር አስባበት ይሁን ሳታስበው አይለወጥም። በመጨረሻም ኦሴጆቹ በረዥም ሰልፍ በበራቸው ፊት ሲያልፉ፣ ላውራ በእናቱ ፈረስ ጎን በተንጠለጠለ ቅርጫት ውስጥ ያለ ዐይነ ጥቁር ሕፃን አይታ እሱን ካልሰጣችሁኝ ብላ ታለቅሳለች። የሚሄዱትን ማዘኗ ነው ብለው የሚያነቡ አሉ። እኔ ግን የልጅቷ ልቅሶ ከሰፋሪው ረኃብ የተለየ አይመስለኝም፤ ያየችውን ሁሉ የራሷ ለማድረግ ትፈልጋለች። በ2018 የአሜሪካ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበር በደራሲዋ ስም ይሰጥ የነበረውን ሽልማት ስሙን ቀይሮታል። ውሳኔው ትክክል ነው፤ ሽልማት ክብር ነውና። መጽሐፉን ማንበብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሮልቫግ በ1896 ከኖርዌይ የመጣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነበር። ሚኒሶታ ውስጥ በቅዱስ ኦላፍ ኮሌጅ የኖርዌይኛ መምህር ሆኖ ኖረ፤ ልብወለዱንም የጻፈው በእናቱ ቋንቋ ነው። በ1924 እና በ1925 በሁለት ክፍል ኖርዌይ ውስጥ ታተመ፤ በ1927 ደግሞ ደራሲው ራሱ ከሊንከን ኮልኮርድ ጋር ተቀምጦ እንግሊዝኛውን አወጣ። በአሜሪካ ምድር ላይ በአሜሪካዊ የተጻፈ፣ ነገር ግን ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ የአሜሪካ ልብወለድ ነው። በሁለት ቋንቋ መካከል የሚኖር ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ወንበሩን ጠጋ ያደርጋል። የእንግሊዝኛው ርዕስ ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 የተወሰደ ስለሆነ የእኛን የቤተ ክህነት ቃል «ረዓይት»ን መርጫለሁ፤ «ግዙፋን» የሚለው ቀሎ ታየኝ።

ታሪኩ በ1873 በዳኮታ ግዛት፣ ዛሬ ሱ ፎልስ በምትባለው ከተማ አካባቢ ይጀምራል (በአጋጣሚ ሱ ፎልስ ዛሬ የብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን መኖሪያ ናት፤ ዘመድ ያላቸው አንባቢዎች የክረምቱን ነገር ሊጠይቋቸው ይችላሉ)። ፔር ሐንሳ ጠንካራ፣ ሳቂታ፣ ዕረፍት የሌለው ሰው ነው። ሚስቱ ቤረት ግን ሜዳውን እንዳየችው ልቧ ይሸበራል። ዛፍ የለም፣ ድንጋይ የለም፣ ሰው የሚሸሸግበት አንዳች ነገር የለም። ሲመሽ መስኮቱን በልብስ ትሸፍናለች። ለባሏ ባዶው መሬት ተስፋ ነው፤ ለእሷ ባዶው መሬት የሚያይ ዐይን አለው። ሮልቫግ ከዋይልደር የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ባዶነትን እንደ ስጦታ ተቀብሎ አያልፍም፣ ሰው ላይ ምን እንደሚሠራ ይጠይቃል። ያው ሣር ያው ነፋስ፣ በአንድ አልጋ ላይ በሚተኙ ሁለት ሰዎች አእምሮ ውስጥ ሁለት አገር ይሆናል።

የመጽሐፉ ምሰሶ ለእኔ የድንበር ችካሎቹ ነገር ነው። ፔር ሐንሳ ጓደኞቹ በያዙት መሬት ላይ ከእነሱ ቀድመው የመጡ የአይርላንድ ሰዎች ስማቸውን የጻፉባቸው ችካሎች ተተክለው ያገኛል። ለማንም ሳይናገር ነቅሎ ያቃጥላቸዋል። ቤረት ታውቃለች፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ባሏን በሌላ ዐይን ታያለች። ኋላ የአይርላንዶቹ ይዞታ በመዝገብ ያልተረጋገጠ መሆኑ ሲታወቅ ጎረቤቶቹ በሙሉ ፔር ሐንሳን ሲያወድሱ እሷ አትስቅም። ለብዙ ተቺዎች ይህ የቤረት የሃይማኖት ጭንቀት ማሳያ ነው። ድንበር የገፋ ሰው በኦሪት ርጉም እንደሆነ ለሚያውቅና በድንበር ምክንያት ስንት ደም እንደፈሰሰ በየመንደሩ ለሰማ የእኛ አንባቢ ግን ቤረት ጤነኛዋ ናት። ሮልቫግም ሳይነግረን አንድ ነገር አስቀምጧል፤ ከቤታቸው ብዙም ሳይርቅ ባለው ኮረብታ ላይ የሕንድ መቃብር አለ። ፔር ሐንሳ ያገኘውና የሚያውቀው መቃብር ነው። የአይርላንዶቹ ችካል ሊነቀል ይችላል፤ መቃብርም ችካል ነው፣ እሱን ማን ይነቅለዋል? ደራሲው ጥያቄውን እስከ መጨረሻ ባይገፋበትም (እውነት ለመናገር የዳኮታ ሰዎች መጥተው፣ ፔር ሐንሳ አንዱን ቁስለኛ አክሞ፣ ፈረስ ተሸልሞ ነገሩ በመልካም ማለቁ ትንሽ ይቀለኛል) መቃብሩን ግን አላነሣውም።

ሁለት ትዕይንቶችን ደግሞ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። አንደኛው የአንበጣው ነው። በ1870ዎቹ የሣር ሜዳውን ያወደመው አንበጣ ዛሬ ዘሩ ጠፍቷል፤ የእኛ አንበጣ ግን በ2019 እና በ2020 በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ምን እንዳደረገ አይተናል። ዋይልደርም በ1937 ባሳተመችው ተከታይ መጽሐፏ አንበጣ አላት፤ በእሷ ዘንድ አንበጣው ሰብል ይበላል። በሮልቫግ ዘንድ ግን ፔር ሐንሳ ከማሳው ሲመለስ በሩ ከውስጥ ተደግፎ ያገኘዋል፤ ሰብሮ ሲገባ ሚስቱ ከኖርዌይ ይዘውት በመጡት ትልቅ የአያት ሳጥን ውስጥ ከልጆቿ ጋር ገብታ ተኮራምታለች። በዚያ ሁሉ ሜዳ መሸሸጊያ ያገኘችው ከአገሯ በመጣ እንጨት ውስጥ ብቻ ነው። በኋላ አንድ ዘዋሪ ቄስ በዚያችው ጎጆ ሲቀድስ ሳጥኑ መንበር ይሆናል። ሁለተኛው የስም ነገር ነው። እንደ እኛው ሁሉ እነሱም የሚጠሩት በአባት ስም ነበር፤ አሜሪካ ግን የቤተሰብ ስም ትጠይቃለች፤ እናም ፔር ሐንሳ «ሆልም» የሚል ስም ያወጣል። ቤረት በጥምቀት የተሰጠን ስም መጣል ምን እንደሚያስከትል ትጨነቃለች። በየኤምባሲው ቅጽ ላይ የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ የሞላ አንባቢ ይህን ገጽ ሲያነብ ፈገግ ይላል፤ ከዚያ ፈገግታው ይደርቃል።

ካተር ላይ አጠር አደርጋለሁ፤ ከሦስቱ ይበልጥ የታወቀችና ብዙ የተጻፈላት እሷ ናት። በ1918 የታተመው «የእኔ አንቶኒያ» ከቦሄሚያ ስለመጣ የሺሜርዳ ቤተሰብ በአንድ አሜሪካዊ ልጅ አንደበት የሚተረክ ነው። እናትየዋ ከአገሯ ያመጣችውን ነገር ከረጢት ሞልታ ለተራኪው አያት በስጦታ ትሰጣለች። አያትየው ምንነቱ ስላልገባቸው እሳት ውስጥ ይጨምሩታል። ልጁ አንዷን ቀምሶ ኖሮ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው በሩቅ አገር ጫካ የተለቀመ ደረቅ እንጉዳይ እንደነበረ የሚረዳው። የዚያች ሴት ሀብት ሁሉ ጢስ ሆኖ ወጥቷል። አባትየው ደግሞ ሁለት ፊደል ጎን ለጎን የታተመበት መጽሐፍ ከኪሱ አውጥቶ ልጁን አንቶኒያን እንዲያስተምሩለት የሚማጸንበት ገጽ አለ። ክረምቱን አይሻገርም፤ ራሱን ያጠፋል። በመንታ መንገድ ላይ ይቀብሩታል፤ መንገዶቹ በኋላ ሲሠሩ ግን ጠመም ብለው መቃብሩን ይዞሩታል፣ ረዥሙ ሣርም እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ሳይታረስ ይቀራል። እዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ተራኪው ከሜዳው ላይ ሕንዶች በፈረስ ይዞሩበት የነበረ ትልቅ ክብ ምልክት ያያል፤ በረዶ ሲጥልበት ክቡ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ካተር ስለ ነባሮቹ ከዚህ ብዙም አላለችም። ሆኖም ባዶ የተባለው ሜዳ ላይ የተጻፈ ነገር እንዳለ አይታለች፤ ማንበቡን ለሌላ ትታዋለች።

ያንን ንባብ ለልጆች የጻፈችው የኦጂብዌ ተወላጇ ሉዊዝ አርድሪክ ናት። በ1999 ያወጣችው መጽሐፍ በሱፒሪየር ሐይቅ ደሴት ላይ የምትኖር የአንዲት ኦጂብዌ ልጅን ዓመት ይተርካል፤ ቆዳ ማለስለስ አለ፣ ሩዝ መሰብሰብ አለ፣ ፈንጣጣም አለ። የእጅ ሥራውን በመተረክ ከዋይልደር አታንስም። አሳታሚው ሁለቱን በአንድ ላይ እንዲያወጣ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ ዋይልደርን ብቻውን መስጠት አባትየው ጥያቄውን አቋርጦ ልጅቷን እንዳስተኛት ያለ ነው።

ስለ ዓረፍተ ነገሯ ደግሞ ወስኛለሁ። የ1935ቱን መረጥኩ። ሰው እንደሌለ፣ ሕንዶች ብቻ እንደሚኖሩ አድርጌ ተረጎምኩት፤ ከመቅድሙ ላይም በግማሽ ገጽ፣ ደራሲዋ ይህን ጽፋ በኋላ እንዳረመችውና ለምን እንዳረመችው አስረዳሁ። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ያንን ዓረፍተ ነገር አንብቦ «ታዲያ ሕንዶቹ ሰው አይደሉም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መጽሐፉ ሥራውን ሠርቷል ብዬ አምናለሁ። «ሰፋሪ» ብዬ ብተረጉመው ግን ምንም አይጠይቅም።

ናሙናው ባለፈው ወር ተመልሶልኛል። አርታኢው ጥሩ አንባቢ ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ስሕተቴን አግኝቶብኛል። ያቺን ዓረፍተ ነገር በእርሳስ አስምሮባት በኅዳጉ ላይ እንዲህ ጽፏል፦ «ለልጆች ከበደ፤ ምድሩ ባዶ ነበር ብንለው አያጥርም?»